ስክሪኑ የሚሰማ ከሆነ ያዋጣል

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሞጆ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ አሁን ጀርመን ሀገር በወባ ትንኝ ላይ ምርምር ትሠራለች። ‹ተማሪዎችህን በቪዲዮ ላናግራቸው› ብላኛለች። እኔ ደስ ብሎኛል። ርዕሰ መምህራችን ግን ‹ፕላዝማውንም አይተነዋል፣ ጊዜ ማባከን ነው› ይላሉ። ያለን አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተርና የእኔ ስልክ ዳታ ነው። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ አለ። ለመሆኑ ያዋጣል? ካዋጣስ እንዴት ላድርገው? የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ አዳራሽ ልሰብስብ? ልቅረጸውስ?»

መምህር፣ ያዋጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ሰዓቱ የተማሪዎቹ ጥያቄ መሆን አለበት። እንግዳዋ 40 ደቂቃ ሙሉ ሌክቸር የምትሰጥ ከሆነ ይቅርብዎ። ንግግሯን ቀርጻ በቴሌግራም ትላክልዎ። ምስሉ ይጠራል፣ አይቆራረጥም፣ ልጆቹ ያልገባቸውን ቦታም መልሰው ያሳዩአቸዋል። በቀጥታ መገናኘት ከተቀረጸ ቪዲዮ የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይሰማል። «እስቲ ድገምልኝ፣ ምን ማለትህ ነው?» ይላል፤ ከዚያም ለዚያ ልጅ፣ ለዚያ ጥያቄ ይመልሳል። ይህ ከሌለ ትርፉ ከኔትወርክ ጋር መታገል ነው።

በርዕሰ መምህሩም አይፍረዱ። የፕላዝማውን ዘመን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይገርምም። ላላዩት አንባቢዎች በአጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂሳብ፣ ሳይንስና ሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት እየተላለፉ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጡ ነበር። ትምህርቶቹ የተዘጋጁት ደቡብ አፍሪካ ነው። ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ነበር። የክፍለ ጊዜው ትልቁ ድርሻ የስክሪኑ ሲሆን፣ ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀረው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው «አሁን ይህን ሥሩ» ይላል። ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ግማሹ ክፍል ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። ማስቆም የለ፣ መጠየቅ የለ። በዚያን ጊዜ የተማሩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን ትንሽ መራራ ነው።

ለኔ ችግሩ ቴሌቪዥን መሆኑ አልነበረም። ስክሪኑ አይሰማም ነበር፣ መምህሩንም ዳር አስይዞት ነበር። የእርስዎ ዕቅድ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ መሆን አለበት። ለርዕሰ መምህሩ በቃል ከሚከራከሩ፣ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ይስጧቸው፦ እንግዳዋ 7 ደቂቃ ትናገራለች፤ ተማሪዎች 25 ደቂቃ ይጠይቃሉ፤ የቀረውን ሰዓት መምህሩ ይወስዳል፤ ርዕሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ከዚህ ምዕራፍ ጋር ይገናኛል። ርዕሰ መምህር ወረቀት ይወዳል። በዚያ ላይ ለሙከራው ቀን ይጋብዟቸው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ለክርክሩም ይጠቅምዎታል። አሪስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ትምህርት ቤቶችን ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ካሉ ጠፈርተኞች ጋር በአማተር ሬዲዮ ያገናኛል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እየሠራ ነው። ጣቢያው ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሆነው ሊያገኙት የሚችሉት ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ከአድማስ በታች ይወርዳል፣ መስመሩም ይቋረጣል። ታዲያ ትምህርት ቤቶቹ ምን ያደርጋሉ? ለዚያች 10 ደቂቃ ለሳምንታት ይዘጋጃሉ። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይጻፋሉ። ልጆቹ ይሰለፋሉ። አንዱ ይጠይቅና «ኦቨር» ብሎ ይወርዳል፣ መልሱ ይመጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። ምስል የሚባል ነገር የለም። ድምፅ ብቻ ነው። ግን ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የነበረ ልጅ ያቺን ጥያቄውን አይረሳትም።

እርስዎም ከዚህ ሁለት ነገር ይውሰዱ። አንደኛው ሰልፉ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከምስል እንደሚቀድም ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያምነኝም። ሁሉም ስለ ካሜራና ስለ ፕሮጀክተር ይጨነቃል። የእንግዳዋ ፊት ቢደበዝዝ፣ አልፎ አልፎ ቢቆምም ልጆቹ ይታገሳሉ። ድምፁ ከተቆራረጠ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ 62 ልጅ ማውራት ይጀምራል። መልሶ ማረጋጋት ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እንግዳዋ ሴት መሆኗን እንዲያው እንደ አጋጣሚ አይለፉት። ዴቪድ ቼምበርስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው አንድ የታወቀ ጥናት አለ። 4,807 ሕፃናት «ሳይንቲስት ሳሉ» ተባሉ። ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ። ሃያ ስምንቱም ሴቶች ልጆች ናቸው። አንድም ወንድ ልጅ ሴት ሳይንቲስት አልሳለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ ተሻሽሏል። ሆኖም የተሻሻለው ልጆች በየቦታው ሴት ሳይንቲስት ማየት ስለጀመሩ እንጂ አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ስላናገረቻቸው አይመስለኝም። ስለዚህ ከአንድ የቪዲዮ ቀጠሮ ተአምር አይጠብቁ። ግን ከእርስዎ ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ዴስክ ላይ የተነሳች ሴት «ትንኝ አረባለሁ፣ ሥራዬ ነው» ስትል መስማት ቀላል ነገር አይደለም። እባክዎ የስኬት ታሪኳን ግን አያስረዝሙባት። «እንዴት እዚህ ደረስሽ?» የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋታል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልግባ። ጠቅላላው ውጤት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የእንግዳዋ ርዕስ የወባ ትንኝ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ሊያዩት ይችላሉ። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት የቤት ሥራ ይስጧቸው። ቤታቸውና ሠፈራቸው ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸውን ነገሮች ይቁጠሩ። በርሜል፣ ሮቶ፣ አሮጌ ጎማ፣ ባልዲ፣ የግንባታ ጉድጓድ። ውሃው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ዕጭ ካለ በጠራ ብርጭቆ ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ይመልከቱ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ፣ የአኖፊለስ፣ ዕጭ ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። ወባ የማታስተላልፈው የኩሌክስ ትንኝ ዕጭ ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለው ጭንቅላቱን ወደ ታች ደፍቶ ሰያፍ ይንጠለጠላል። በዓይን ይለያል፣ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ዕጭ አይናከስም። አይተው ሲጨርሱ ግን ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ እንዲደፉት ያሳስቧቸው፤ ያለዚያ ትንኝ አርቢዎች እኛ መሆናችን ነው።

ለምን ይህን መረጥኩ? አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ አለች። የትውልድ ሀገሯ እስያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋና አዋሽ ሰባትን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተገኝታለች። የለመድናት የወባ ትንኝ ገጠር ውስጥ ኩሬና ረግረግ ትወዳለች። ይቺኛዋ ግን የከተማ ሰው ነገር ትመስላለች፤ በርሜልና የውሃ ማጠራቀሚያ ይመቻታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ ሞጆ ያለ ልጅ ጓሮው ያለውን በርሜል አይቶ መጥቶ «እኔ ያየሁት ዕጭ ተኝቶ ነበር፣ የትኛዋ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ጥያቄ አይደለም። እንግዳዋም ቁጭ ብላ በቁም ነገር የምትመልሰው ጥያቄ ነው። ምናልባትም በዓይን ብቻ ሁለቱን አኖፊለሶች መለየት እንደማይቻል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዴት እንደሚለዩ ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ከምልከታው በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ጥያቄ ጽፎ ይስጥዎት። ከመቶ በላይ ጥያቄ ይደርስዎታል። ሰብስበው ማታ ይለዩት። መጽሐፉ ውስጥ መልስ ያለውን ያስቀሩ። «ወንዱ ትንኝ ለምን አይነክስም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን እርስዎ ነገ ክፍል ውስጥ ይመልሱታል። እንግዳዋ ብቻ ልትመልሰው የምትችለውን ያስቀድሙ። «ትንኞቹን ስትመግቢ ደሙን ከየት ታመጪዋለሽ?» «አምልጣ የምትወጣ ትንኝ የለችም?» «ያልሠራልሽ ሙከራ አለ?» «የምታምኚበት ነገር ስህተት ሆኖ ያገኘሽው መቼ ነው?» ለእንደዚህ ያሉት መልስ ሲሰጥ ልጆቹ የሳይንስን ውስጡን ያያሉ። ከሥራው የምትወደውን ብቻ ሳይሆን የሚሰለቻትን ነገር የሚጠይቅ ልጅም አይጥፋ። «ደመወዝሽ ስንት ነው?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። አይቆጡት፤ «ይህ ሥራ ያኖራል ወይ?» ተብሎ ይስተካከል።

ከዚያ 15 ጥያቄ ይምረጡ። በ25 ደቂቃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 የሚሆነው ይደርሳል፣ የቀረው መጠባበቂያ ነው። ጠያቂዎቹን ሲመርጡ ሁሌ እጃቸውን የሚያወጡትን አምስት ጎበዞች ብቻ አያሰልፉ። ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡም ይኑሩበት። ጥያቄያቸውን ጮክ ብለው ይለማመዱ፤ አጭር፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ሁለት ቦታ ግን ክፍት ይተዉ፤ መልስ ሰምቶ ሌላ ጥያቄ የመጣለት ልጅ እንዲጠቀምበት። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ጥሩው ጥያቄ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስለ ቋንቋ አልጠየቁኝም፣ ግን ልናገር። የ9ኛ ክፍል ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ልጆቹን በእንግሊዝኛ ካልጠየቃችሁ አይበሉ። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ሲያስተካክል ጥያቄው ይጠፋዋል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጠይቁ። እንግዳዋ አንዱን የማትችል ከሆነ እርስዎ ወይም አንድ ተማሪ ያስተርጉም። የሙያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ትጥራቸው፣ እርስዎ ሰሌዳ ላይ ይጻፏቸው።

ለእንግዳዋም አስቀድመው ይጻፉላት። ተመራማሪዎች ንግግር ሲባሉ ወዲያው 40 ስላይድ ያወጣሉ፤ በሥራቸው የለመዱት ያንን ነው። ስለዚህ ግልጽ ያድርጉላት። ስላይድ የለም። ሦስት ወይም አራት ፎቶና ቢበዛ አንድ የደቂቃ ቪዲዮ ትምረጥና ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ትላክልዎ። እርስዎ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጧቸዋል። በዕለቱ «ሁለተኛውን ፎቶ አሳዩአቸው» ስትል እርስዎ ከላፕቶፑ ይከፍቱታል። ምስሉ በኢንተርኔት አይመጣም፣ ስለዚህ አይደበዝዝም፣ ዳታም አይበላም። ይቺ ትንሽ ዘዴ ብዙ ጭንቀት ትቀንሳለች። መሥሪያ ቤቷ ከፈቀደላት ደግሞ ከቢሮ ሳይሆን ከቤተ ሙከራ ሆና ትደውል። ትንኞቹን የምታረባበትን ክፍል፣ የሚቀመጡበትን ጎጆ በስልኳ ብታሳይ ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል። የታይታኒክን ስብርባሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ያገኙት ሮበርት ባላርድ ከልጆች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ እንዴት አብረን እንሂድ የሚል። በ1989 ጄሰን የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምሩ ልጆቹን ባሕር ውስጥ ማስገባት ስለማይቻል ባሕሩን በሳተላይት ወደ እነሱ አመጡት። ሰው ሊሄድበት የማይችል ቦታ ሲሆን ካሜራው ዋጋ አለው። የቢሮ ግድግዳ ከሆነ ግን ድምፁ ይበቃል።

ሰዓት። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ነው። የእኛ 4፡30 ጠዋት በሌላው አቆጣጠር 10፡30 ነው። ጀርመን በክረምቷ ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በጥቅምትና በመጋቢት ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበርና ማርች የመጨረሻ እሑድ። ስለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉላት፤ በክረምታቸው ከሆነ «በእኛ 4፡30፣ በእናንተ 8፡30» ብለው። ለእሷ እንኳ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ነገ አሜሪካ ያለ ሰው ሲጋብዙ ግን ጉዳዩ ይከብዳል። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በክረምት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር አንድ ሰዓት። ማንም ሳይንቲስት ለዚያ አይነሳም። የከሰዓት ፈረቃ ካላችሁ 9 ሰዓት ይሻላል፤ እሱም እዚያ ገና ማለዳ ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ያለዎት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩበት፦ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን። ትምህርት ቤቱ ማይክ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር ካለው እነሱ ጋር ነው የሚገኘው። የላፕቶፕ ስፒከር ለ62 ልጅ አይሰማም። የላፕቶፑን ድምፅ በኬብል ወደ አምፕሊፋየሩ ያስገቡ። የክበቡ ልጆች ኬብሉን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ የድምፅ ኃላፊነቱን ለነሱ ይስጡ። ለእንግዳዋ የሚሄደውን ድምፅ ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ ወይም ባለ ማይክ የጆሮ ማዳመጫ ይቀበል። ጠያቂው ወደ ላፕቶፑ ተጠግቶ ቆሞ ይናገር እንጂ ከመቀመጫው አይጩህ። ስፒከሩ ከላፕቶፑ ራቅ ይበል፣ ፊቱም ወደ ተማሪዎቹ ይዙር። ቢቀራረቡ ወይ ድምፁ ተመልሶ ይገባና እንግዳዋ የራሷን ንግግር ትሰማለች፣ ወይ ያ የሚያደነቁር ጩኸት ይመጣል። በዚያው ክፍል ሌላ ስልክ ከስብሰባው ጋር አይገናኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ መሣሪያ።

ዳታ። ደህና ጥራት ያለው የቪዲዮ ጥሪ በየአቅጣጫው በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ሜጋ ቢት ያህል ይፈልጋል። በ40 ደቂቃ ወደ 1 ጊጋ ባይት ቢበላ ነው። ድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋ ባይት አይሞላም። እርስዎ 2 ጊጋ ይያዙ። አንድ ግን አለ፤ ላፕቶፑ ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ የዊንዶውስ አፕዴት «ኢንተርኔት ተገኘ» ብሎ ይዘምትበታል። ግንኙነቱን ከላፕቶፑ ሴቲንግ ውስጥ «ሜተርድ» (ዳታ ቆጣቢ) አድርገው ይቆጥቡት፣ ሌላ የተከፈተ ነገርም ይዝጉ። ስልኩን መስኮት ጋ ያድርጉት። ሆትስፖቱም የይለፍ ቃል ይኑረው፤ 62 ልጅ ውስጥ ስንት ስልክ እንዳለ አይጠየቅም።

ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ከእንግዳዋ ጋር ሙከራ ያድርጉ። ቤትዎ ሆነው ማታ ቢሞክሩት ምንም አይነግርዎትም፤ ኔትወርኩ በቦታና በሰዓት ይለያያል። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ያቋርጣል። ቀድመው ገብተው ድምፅ ሲያስተካክሉ 15 ደቂቃው ከሄደ መሃል ላይ ይጠፋብዎታል። ለማስተካከያው ሌላ ስብሰባ ይክፈቱ፣ ወይም ለሁለት ሰው ጥሪ ጎግል ሚትን ወይም ቴሌግራምን ይጠቀሙ። እናንተ በተግባር ሁለት መሣሪያ ብቻ ናችሁ፤ የስብሰባ መተግበሪያ የግድ አይደለም።

መብራት ይጠፋል ብለው ያስቡ። ከጠፋ ፕሮጀክተሩና አምፕሊፋየሩ ይሄዳሉ፣ ላፕቶፑና ስልኩ ግን ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱም ሙሉ ቻርጅ ይሁኑ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከርም ከአንድ ሰው ይዋሱ። ኔትወርኩ ከደከመ መጀመሪያ የእናንተን ካሜራ ያጥፉ፣ ቀጥሎ የእሷን። በድምፅ ብቻ ይቀጥሉ። እሱም ካልሆነ በመደበኛ የስልክ ጥሪ እሷ ትደውልና ስልኩን ማይኩ ላይ ያስጠጉት። ጭራሽ ካልሆነ ደግሞ ልጆቹ ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ በቴሌግራም ድምፅ ይቅዱ፣ እሷ በዚያው ቀን በድምፅ ትመልስ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያሰሟቸው። ይህ እንደ ሽንፈት አይታይ። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪዎችን ከሳይንቲስቶች ጋር በጽሑፍ ብቻ የሚያወያይ፣ ለዓመታት የዘለቀ ፕሮግራም አለ፤ ዓይን አፋሩ ልጅ በጽሑፍ ሲሆን ይደፍራል። ይህን ሁሉ ለእንግዳዋም አስቀድመው ይንገሯት፤ መስመሩ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ካወቀች አትደናገጥም።

በዕለቱ የእርስዎ ሥራ ጎን ሆኖ ማጨብጨብ አይደለም። መሪው እርስዎ ነዎት። መልሱ ሲረዝም «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ላቋርጥሽ» ይበሉ። ያስተማሯት ልጅ ስለሆነች አትቀየምዎትም። የማይገባ ቃል ስትጠቀም ያስቁሙና «ለ9ኛ ክፍል ንገሪልን» ይበሏት። የላፕቶፑ ካሜራ ወደ ጠያቂው ይዙር፤ እንግዳዋ የምታናግረውን ልጅ ፊት ማየት አለባት፣ ያለዚያ ለጣሪያ ነው የምታወራው። ጠያቂው ስሙን ይንገራት፣ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ። ሌሎቹ ተማሪዎች ደግሞ ደብተራቸው ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ያልጠበቁትን አንድ መልስ፣ ያልተመለሰላቸውን አንድ ጥያቄ። መስመሩን ከክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ቀድመው ይዝጉና የጻፉትን ይስሙ። ያቺን 5 ደቂቃ ለምስጋናና ለፎቶ አያስበሏት።

አዳራሹን ይርሱት። 300 ልጅ ቢሰበሰብ 290ው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ከሆኑ ደግሞ ወደ ፕላዝማው ተመለስን ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩም «አላልኳችሁም?» ይላሉ። አንድ ክፍል ይምረጡ። ለሌሎቹ ክፍሎች የዚህ ክፍል ልጆች ያገኙትን መልስ ይዘው ሄደው ይንገሯቸው። ሌላ ቀን ሌላ እንግዳ ለሌላው ክፍል ይደርሳል።

መቅረጹን በተመለከተ፣ ምስል ባይቀርጹ እመርጣለሁ። የልጆች ፊትና ድምፅ ነው። አንዴ ቴሌግራም ቻናል ላይ ከወጣ መመለሻ የለውም። ለማስተማሪያ ከፈለጉት የእንግዳዋን መልሶች በድምፅ ብቻ ይቅረጹ፣ እሱም በእሷ ፈቃድ። የተማሪ ድምፅ ከገባበት ወላጅና ትምህርት ቤቱ ይወቁት። የስብሰባውን ሊንክ በቡድን ገጽ ላይ አይልቀቁት፣ ያልተጋበዘ ሰው ይገባል። የተማሪዎችን ስልክ ቁጥር ለእንግዳ መስጠትም ሆነ የእንግዳን ቁጥር ለተማሪዎች መስጠት አይገባም። ይህ ለሚያውቋትና ለሚያምኗት ሰውም ይሠራል። ከቀጠሮው በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ በእርስዎ በኩል ይለፍ።

ይህኛው ከተሳካ ቀጣዩን እንግዳ መፈለግዎ አይቀርም። ስካይፕ ኤ ሳይንቲስት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳራ ማካናልቲ የተባለች የስኩዊድ ተመራማሪ የጀመረችው ነጻ አገልግሎት አለ። መምህራን ፎርም ይሞላሉ፣ ከሚስማማቸው ሳይንቲስት ጋር ይገናኛሉ። ስካይፕ ራሱ በ2025 ተዘግቷል፣ የአገልግሎቱ ስም ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ግን አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ውጭ ያሉትን የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ተማሪዎች ይዘርዝሩ፤ ነርስም የላብራቶሪ ቴክኒሻንም መሐንዲስም ይሁን። የቅርቡንም አይርሱ። ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤታችሁ ነው፤ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጣው ከዚያ ነው። እዚያ ያለ ተመራማሪ ፈቃደኛ ከሆነ ግን ዙም አይክፈቱለት። የታክሲውን ይክፈሉለትና የጤፍ ዘለላ ይዞ ክፍል ውስጥ ይግባ።